የልብሱን ጨምሩበት

እትዬ በላይነሽ የተቀበሩ ዕለት የዕድራችን ጸሐፊ የሕይወት ታሪካቸውን ሲያነብ፣ «ልጃቸውን ለገደለባቸው ሰው እንኳ ይቅርታ ያደረጉ፣ ቂም የማያውቁ እናት ነበሩ» አለ። ለቀስተኛው ከንፈሩን መጠጠ። እኔ ከሴቶቹ ኋላ ቆሜ ጥርሴን ነከስኩ። የተነበበው ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። እትዬ በላይነሽ በሕይወታቸው አምርረው የጠሉት ነገር ቢኖር ደግሞ ግማሽ ቃል ነበር። ያቺን ግማሽ ቃል መጀመሪያ ወረቀት ላይ ያሰፈርኳት እኔ ነኝ። ስለዚህ የቀረውን መጻፍ የእኔ ፋንታ ነው።

የደርግ መንግሥት ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። ከሃያ ሁለት ማዞሪያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለ ግቢ እንኖር ነበር፤ አራት የቀበሌ ቤት፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የጋራ መጸዳጃ። እትዬ በላይነሽ ግድግዳ ተጋሪያችን ናቸው። ቦሌ መንገድ ላይ ባለ አንድ ሆቴል ልብስ ያጥባሉ። ቀኑን ሙሉ አንሶላና ፎጣ ሲያሹ ውለው ወደ ቤት ሲመለሱ እጃቸው ከክንዳቸው የተለየ ቀለም ይይዛል፤ የነጣ፣ የተጨማደደ። የጣቶቻቸው ጫፍ ልሙጥ ነበር። «ሳሙናው በልቶኛል፤ ክብሪት እንኳ ያንሸራትተኛል» እያሉ ይስቁ ነበር።

እኔ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ነበርኩ። ድምፄ አይሰማም። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅሁ እጄን አላወጣም። እትዬ በላይነሽ ይህን ፈጽሞ አይወዱትም። ጠዋት ቧንቧው ጋ «እንደምን አደሩ» ስላቸው ሆን ብለው ጆሯቸውን ወደ እኔ ያዘነብላሉ።

«ምን አልሽ ሰናይት? ድምፅሽን ለሠርግሽ ነው የምታስቀምጪው?»

ልጃቸው ጌታነህ ከቤት ሆኖ ይስቃል። «ተያት እማዬ፣ የተማረ ሰው በጽሑፍ ነው የሚናገረው።»

ጌታነህ አንድ ልጃቸው ነው። እዚያው ሰፈር ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር። የግቢያችን በር ሲላላ የሚያጠብቀው፣ የእኛ ቤት ሬዲዮ ሲታፈን መትቶ የሚያስጮኸው እሱ ነው።

የተገደለው ቅዳሜ ቀን ነው። ሰንዳፋ አካባቢ የቆመ የጭነት መኪና ሊጠግን የመፍቻ ሳጥኑን ይዞ አውቶቡስ ተሳፈረ። ላምበረት ያለው ኬላ ላይ እንደ ወትሮው ተሳፋሪው ወርዶ ተፈተሸ። በዚያ ዘመን ያለ ፈቃድ ቡናም ሆነ እህል ከኬላ ማሳለፍ ክልክል ነው። አንዲት አሮጊት ለአራስ ልጃቸው የያዟት ሁለት ኪሎ የማትሞላ ቡና ከነጠላቸው ሥር ተገኘች። ኬላው ላይ የቆመው ፖሊስ አሥር አለቃ ድንበሩ ቡናዋን መሬት ላይ ደፋና አሮጊቷን በጥፊ መታቸው። ጌታነህ፣ «ጓድ፣ ቡናውን ደፍተኸዋል። ጥፊው የምን ነው?» አለ። ተሳፋሪዎቹ ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አልወጣውም ብለው መስክረዋል። አሥር አለቃው መታወቂያውን ተቀበለው፤ ቀበቶውንና የጫማውን ማሰሪያ አስፈታው፤ «ወደ ጣቢያ ቅደም» ብሎ ከኬላው ጀርባ ባለው ባሕር ዛፍ መሐል ይዞት ሄደ። ሁለት ጥይት ተሰማ። ተመልሶ ሲመጣ፣ «ሊያመልጠኝ ሲል ተኮስኩ» አለ።

ከሆስፒታል ልብሱንና ጫማውን ስንረከብ ከእትዬ በላይነሽ ጋር አብሬ ነበርኩ። ሸሚዙን አቅፈው ይጮኻሉ ብዬ ስፈራ፣ እሳቸው ጫማውን አንስተው ቀዳዳዎቹን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ማሰሪያው የታለ?»

«ፖሊስ ሲይዝ ያስፈታል፣ እትዬ» አልኩ በቀስታ።

«ጫማውስ እግሩ ላይ ነበር?» ብለው ልብሱን ያስረከበንን ሰውዬ ጠየቁት።

«ከእግሩ ላይ ነው ያወለቅነው።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ይኼ ጫማ ይሰፋዋል። ሲገዛው አብሬው ነበርኩ፤ ማሰሪያውን አጥብቆ ነበር የሚሄድበት። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ንገሪኝ፤ ማሰሪያ የሌለው ሰፊ ጫማ አድርጎ የሚያመልጥ ማነው? ሦስት እርምጃ ሳይሄድ አይወልቅም? ልጄ አልሮጠም። ቆሞለት ነው የገደለው።»

እንባቸው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በማግሥቱ ጫማውን በፌስታል ይዘው ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሄዱ። ሰዎች «ፖሊስን ከስሶ ማን አሸንፏል?» እያሉ መከሯቸው፤ አልሰሙም። አሥር አለቃው ሲፈተሽ ማሰሪያዎቹ ከኪሱ ወጡ። ነገሩን የጨረሰው ይኸው ነው። ፍርድ ቤቱ አስቦ መግደሉን አምኖ ጥፋተኛ አለው፤ ቅጣቱን ለመወሰን ቀጠሮ ሰጠ።

ሽማግሌዎቹ የመጡት በዚህ ቀጠሮ መሐል ነው፤ ሁዳዴ ጾም ነበር። የእትዬ በላይነሽ የንስሐ አባት አባ ገብረ ሥላሴ ከፊት፣ ከሳቸው ኋላ የሰፈሩ ሽማግሌ ጡረተኛው አቶ ሞገስ፣ ከሁሉም ኋላ የአሥር አለቃው ወንድም በትከሻው ድንጋይ ተሸክሞ፣ እናቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው። እንደ ደንቡ የገዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ ይወድቃል፤ የሟች ወገን «ይቅር ለእግዚአብሔር» እስኪል አይነሳም። ወንድምየው ግቢያችን መሐል ጭቃ ላይ ተንበረከከ።

አባ ገብረ ሥላሴ ጀመሩ። «ልጄ በላይነሽ፣ አቡነ ዘበሰማያት ስትደግሚ ምን ትያለሽ? በደላችንን ይቅር በለን፣ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል። ይኼን ሳትፈጽሚ እንዴት ብዬ ልፍታሽ? ፋሲካስ እንዴት ትቆርቢያለሽ?»

አቶ ሞገስ አከሉበት። «እሱም የድሃ ልጅ ነው። ሦስት ልጆች አሉት። ጌታነህ እንደሆነ አይመለስ።»

ይህችን «አይመለስ» የምትል ቃል ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ሰማኋት! ሟች አይመለስምና ገዳይ ይመለስ ማለት ናት።

እትዬ በላይነሽ መቀነታቸውን አጠበቁ። ከዚያ ወደ ተንበረከከው ሰው ሄደው ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ከትከሻው አወረዱት።

«ተነስ፣ አንተ ምን አደረግኸኝ? አባቴ፣ ይቅር ብያለሁ። እግዚአብሔር ይስማኝ፣ ከልቤ ነው። ለእናቱም ለልጆቹም ቂም የለኝም። ፍርዱ ግን የእኔ አይደለም፣ የመንግሥት ነው። ጥይቱን የሰጠው መንግሥት ነው፣ መንግሥት ይጠይቀው። በእኔ ይቅርታ ቅጣቱ እንዳይቀንስ። ሁለቱንም ጻፉልኝ።»

አቶ ሞገስ ወደ እኔ ዞረው፣ «ነይ አንቺ ልጅ፣ ጽሕፈትሽ ያምራል» አሉኝ። ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣሁ። አቶ ሞገስ አሉ፣ እኔ ጻፍኩ፤ በፈቃዴ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ከገዳይ ወገን ጋር በእርቅ የጨረስኩና ቂም በቀል የሌለኝ ስለሆነ... እዚህ ላይ ቆሙ። እኔም ቆምኩ።

«የፍርዱስ ነገር?» አልኩ። እንደተለመደው ከጉሮሮዬ በላይ አልወጣም፤ ግን አጠገቤ ስለነበሩ ሰሙኝ።

«እርቅ ወረቀት ላይ ‹ነገር ግን› ተብሎ አይጻፍም» አሉኝ ዝቅ ብለው። «እርቁን ያፈርሰዋል። ሽማግሌ ያለሽን ጻፊና አስፈርሚ።»

ጻፍኩ። እትዬ በላይነሽ ማንበብ አይችሉም። አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ሲጫኑ አሻራው አልወጣ አለ፤ ሳሙናው በልቶት ሰማያዊ ነጠብጣብ ብቻ ቀረ። ሦስት ጊዜ ደገሙት። ሦስተኛውን ሲጫኑ ዓይኔን አዩኝ።

«ሁሉንም ጻፍሽ?»

ሽማግሌዎቹ ያዩኛል። የወንድምየው ጉልበት ላይ ጭቃው ገና አልደረቀም። የገዳዩ እናት እግዜር ይስጥልኝ እያሉ መሬት ይስማሉ። ራሴን ነቀነቅሁ።

ቅጣቱ በሚነገርበት ቀን ችሎቱ ሞልቶ ነበር። ከእኛ በፊት የቀረበው ሁለት ኩንታል ቡና ያለ ፈቃድ በዚያው ኬላ ሊያሳልፍ ሲል የተያዘ ሰውዬ ነው። አምስት ዓመት ተፈረደበት። ቀጥሎ አሥር አለቃ ድንበሩ ተነስ ተባለ። የመሐል ዳኛው አነበቡ፤ በሥራ ላይ እያለ በስሜት ተገፋፍቶ የፈጸመው መሆኑ፣ ለብዙ ዓመታት በታማኝነት ያገለገለ መሆኑ፣ ከሟች እናት ጋር በእርቅ የጨረሰ መሆኑ ታይቶ በሦስት ዓመት እስራት እንዲቀጣ።

ሦስት ዓመት። ቡናው ሁለት ዓመት በለጠው።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ቁጥሩ ብቻ አይደለም፤ «ለብዙ ዓመታት በታማኝነት ያገለገለ» የሚለው ነው። ጠመንጃውን ያገኘው በአገልግሎቱ ነው። ሰውን ማሰሪያህን ፍታ፣ ወደ ጣቢያ ቅደም የማለት ሥልጣን ያገኘው በአገልግሎቱ ነው። ማን ይጠይቀኛል የሚለውን ድፍረት የተማረውም እዚያው ነው። የገደለበትን መሣሪያ አንስተው የቅጣት ማቅለያ አደረጉለት። አንድ ሐኪም አስቦ በሽተኛውን መርዝ ቢወጋው፣ «ለብዙ ዓመታት መርፌ ስለወጋ ይቅለልለት» የሚል ዳኛ ይገኛል?

እትዬ በላይነሽ ቆመው ነበር። «ጌታዬ፣ እኔ እንደዚያ አላልኩም!»

ዳኛው ወረቀቱን አነሱ። «ይኼ አሻራ ያንቺ ነው አይደለም?»

የአሥር አለቃው ጠበቃ እንኳ ደንግጦ ወረቀቱን ሲያይ አየሁት። አሻራው ነጠብጣብ ነው፤ መስመር የለውም። «የእኔ አይደለም» ቢሉ ማንም ሊያረጋግጥባቸው አይችልም። ወረቀቱ እዚያው በወደቀ ነበር። ልቤ በሏቸው፣ አይደለም በሏቸው ይል ነበር።

«የእኔ ነው» አሉ። «አሻራው የእኔ ነው። ቃሉ ግን ግማሽ ነው።»

«ማነው የጻፈው?»

ሁለት መስመር ከኋላቸው ተቀምጫለሁ። እንደምሰማቸው ያውቃሉ። አልዞሩም። «የጻፈው ሰው ራሱ ይናገር» ብለው ተቀመጡ። እኔ አልተናገርኩም። ችሎቱ ተነሳ።

ወደ ቤት በእግራችን ተመለስን። ከጎናቸው መሄድ አቅቶኝ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቼ ነበር የምከተላቸው። ሰፈራችን ልንገባ ስንል ቆሙ።

«አቶ ሞገስ እንቢ እንዳሉሽ ገብቶኛል» አሉኝ። «ሽማግሌ ፊት ዝም በማለትሽ አልቀየምሽም፤ እንዲያ ነው ያሳደጉሽ። ዝም ብትይኝ ኖሮ ግን ነገር እንዳለ አውቄ ሌላ ሰው አስነብብ ነበር። አንቺ ራስሽን ነቀነቅሽልኝ።»

ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሦስት ጠዋት ሥራ ከመግባታቸው በፊት ዐቃቤ ሕጉ ዘንድ ሄዱ። ይግባኝ ማለት የሚችለው እሱ ነው። እሱም፣ «ወረቀቱን የጻፈው ሰው መጥቶ ቃል ካልሰጠ ይግባኙ አያዋጣም፤ ስሙን ይንገሩኝ» ይላቸዋል። እሳቸውም፣ «ስሟን አልሰጥም። በመጥሪያ የመጣች አፍ ምን ትረባለች?» ይሉታል። ይህን የነገረችኝ አብራቸው የምትሠራ ሴት ናት። እሳቸው ለእኔ ትንፍሽ አላሉም፤ ቧንቧው ጋ ስንገናኝ «እንደምን አደርሽ» ብቻ።

ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ በዚያ ዘመን እንደ እሱ ያለ ሰው የሚፈራው ብዙ ነበር። «አርፈሽ ተቀመጪ» አለኝ። «እነዚህ ሰዎች እርስ በርስ አይጣሉም። ዛሬ አንዱን ብታሳስሪ ነገ ጓደኛው በር ያንኳኳል። ትምህርትሽ ሊያልቅ አንድ ዓመት ነው የቀረሽ።»

«አሥር አለቃው ብቻ ነው ግን ያጠፋው? እኔስ?»

«አንቺማ የታዘዝሽውን ጻፍሽ።»

ይህቺ ቃል ናት ያስነሳችኝ። አሥር አለቃው ችሎት ፊት መጀመሪያ የተናገረው ይህንኑ ነበር፤ የታዘዝኩትን ሥራ ነው የሠራሁት። በማግሥቱ ዐቃቤ ሕጉ ዘንድ ብቻዬን ሄጄ ስሜን አስመዘገብኩ።

ይግባኝ ሰሚው ችሎት ፊት ቆምኩ። ዳኛው ሁለት ጊዜ «ጮክ በይ» አሉኝ። ጠበቃው ተነሳ።

«የተከበሩ ሽማግሌና አንድ ካህን ባሉበት የተጻፈ ወረቀት ነው። እነሱ ይዋሻሉ ነው የምትዪው?»

«አይደለም። ሽማግሌዎቹ ያሉትን ነው የጻፍኩት። እትዬ በላይነሽ ያሉትን ሁሉ ግን አልጻፍኩም።»

«ሁሉንም ጻፍሽ ወይ ብለው ሲጠይቁሽ ምን አልሽ?»

«ራሴን ነቀነቅሁ።»

«ዋሽተሻል ማለት ነው።»

«አዎ» አልኩ። «ዋሽቻለሁ።» ይቺ እንኳ ጮክ ብላ ወጣች፤ በሩ ላይ የቆመው ወታደር ዞሮ አየኝ።

ዳኛው እትዬ በላይነሽን አስነሱ። ጨዋ ሰው ነበሩ። «ታዲያ እርስዎ ምን ይፈረድበት ነው የሚሉት እናቴ? ሞት?»

«ሞት አላልኩም ጌታዬ። እሱም እናት አለችው፣ ያቻት። እኔ የምለው፣ ይኼን ልጅ አንድ ወንበዴ ቢገድልብኝ ስንት ዓመት ትፈርዱ ነበር? እሱን ፍረዱ። ከዚያ ደግሞ የልብሱን ጨምሩበት።»

«የልብሱን?»

«የመለዮውን። ወንበዴ ቢመጣበት ልጄ ይሮጥ ነበር፤ ወይ መፍቻ ያነሳ ነበር። ፖሊስ ሆነበትና ማሰሪያህን ፍታ ሲለው ፈታ፣ ቅደም ሲለው ቀደመ። ልብሱን አምኖ ነው የሞተው። እኔስ ብሆን? ወንበዴ ቢገድልብኝ የፖሊስ ያለህ ብዬ እጮህ ነበር። ፖሊስ ሲገድልብኝ የማን ያለህ ልበል?»

ዐቃቤ ሕጉ አንገቱን ደፍቶ ይጽፍ ነበር።

ውሳኔው ከሁለት ሳምንት በኋላ ተነበበ። የእርቁ ወረቀት የእናቲቱን ሙሉ ፈቃድ ስለማይገልጽ ለቅጣት ማቅለያ አይሆንም፤ ሦስት ዓመቱ ተሽሮ በአሥራ ሁለት ዓመት እስራት ይቀጣ። ዳኛው ወዲያው ቀጠሉ፤ የፖሊስ አባል መሆኑ ግን ለብቻው ቅጣቱን የሚያከብድ ሆኖ አላገኘነውም።

«የልብሱስ?» አሉ እትዬ በላይነሽ።

«ተፈርዷል እናቴ። መዝገቡ ተዘግቷል።»

«የልብሱስ ጌታዬ?»

ሥነ ሥርዓት አስከባሪው ክንዳቸውን ይዞ አወጣቸው። ኮሪደሩ ላይ የአሥር አለቃው እናት ግድግዳ ተደግፈው መሬት ተቀምጠዋል። ቀና ብለው፣ «ይቅር ብለሽኝ አልነበር እህቴ?» አሏቸው።

«ይቅር ብያለሁ። ዛሬም ይቅር ብያለሁ» አሉ እትዬ በላይነሽ፣ ክንዳቸውን ይዘው እያስነሷቸው። «ልጅሽ ግን ይታሰር።»

በአውቶቡስ ተመለስን። መቀመጫ አግኝተን ጎን ለጎን ተቀምጠናል። እኔ በዚያ ቀን አንገቴ ቀና ብሎ ነበር፤ ከሦስት ወደ አሥራ ሁለት ያደረሰችው ያቺ የእኔ ቃል ናት። «አሸነፍን፣ እትዬ» አልኩ።

ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«ለጌታነህ ፈረዱለት» አሉ። «ለሚቀጥለው ልጅ ግን አልፈረዱለትም። ነገ አንዱ ኬላ ላይ ቆሞ፣ ይኼ ልብስ ምንም አይጨምርብኝም፣ እንዲያውም ሽማግሌ ካገኘሁለት ይቀንስልኛል ብሎ እንዲያስብ ነው የተዉት።»

ቀጣዩ ፌርማታ ላይ አንድ ወጣት ፖሊስ ተሳፈረ። ክፉ ፊት የለውም፤ ከሥራ የወጣ፣ የደከመው ልጅ ነው። ማንንም ምንም አላለም። ግን መተላለፊያው በራሱ ተከፈተለት፤ የቆሙት ተጠጋጉ፣ ወሬው ቆመ፣ ከፊታችን ያሉት ሰውዬ ከወንበራቸው ብድግ አሉለት። እኔም ሳላስበው ቦርሳዬን ወደ ደረቴ አስጠግቼ እግሬን ወደ ወንበሩ ሥር ሰብስቤ ነበር።

እትዬ በላይነሽ እግሬን አዩት። ያ የነጣ እጃቸው ጉልበቴ ላይ አረፈ።

«እግርሽን መልሺ» አሉኝ፣ ፖሊሱም እንዲሰማ አድርገው።

መለስኩት።